የነዳጅ መስመር ቡሎን በስንት ይታሰራል? ጥያቄና መልስ ከጋሽ ዳዶ ጋር

ጋሽ ዳዶ፦ እንግዲህ ጠይቁ፤ በሰፈራችሁ ወይም በመኪናችሁ ስም እጠራችኋለሁ። ዛሬ የማወራው ከሰርባቶዮ (ከነዳጅ ማጠራቀሚያው) እስከ ኢንጀክተር (ነዳጁን ወደ ሞተሩ እስከሚረጨው) ስላለው ብቻ ነው፤ ፍሬንና ካምቢዮ ሌላ ቀን። ከመጀመራችን በፊት ሦስት ነገር። የመኪናውን ዓይነት፣ ዓመተ ምርቱንና የሞተሩን ኮድ ያልጻፈ መልስ አይጠብቅ። ሁለተኛ፣ አንድም ዳዶ ከመንካታችሁ በፊት ግፊቱን አስወጡ፦ የነዳጅ ፖምፓውን ፊውዝ ወይም ሪሌ ንቀሉ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ አንዴ ደግማችሁ ሞክሩ፣ የሰርባቶዮውን ክዳን ክፈቱ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ አንሱ። ሦስተኛ፣ የሚያፈስ መጋጠሚያ በማጥበቅ አይድንም። ይፈታል፣ ይታያል፣ ሮንዴላው (ማሸጊያ ቀለበቱ) ይቀየራል፣ ከዚያ በቁጥሩ ይታሰራል። ይቺን ዛሬ አሥር ጊዜ ሳልደግማት አልቀርም።

ፒያሳ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የነዳጅ ቡሎን በስንት ነው የሚጠበቀው?

ጋሽ ዳዶ፦ የቱ ቡሎን? የየትኛው መኪና? ሰርባቶዮውን የተሸከመውም ቡሎን ነው፣ የኢንጀክተር ሬሉን (ነዳጁን ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ) የያዘውም ቡሎን ነው። አሟልተህ ተመለስ።

ጎላ፦ ኮሮላ፣ 1996፣ ሞተሩ 4ኤ-ኤፍኢ። ፊልትሮው ኮፋኖ ስር ያለው ነው። አዲስ ፊልትሮ ከገባ በኋላ ከላይ ባለው ቀዳዳ ባለው ቡሎን ዙሪያ ቤንዚን ያልባል። ሩብ ዙር ሲጨመርበት ቀነሰ እንጂ አልቆመም። በስንት ልሰረው?

ጋሽ ዳዶ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ቁጥሩ 29 ኒውተን ሜትር (የጥብቀት መለኪያ) ነው፤ ግን ቁጥሩን ከመስማትህ በፊት ያ ቡሎን እንዴት እንደሚዘጋ ተረዳው። ውስጡ ክፍት ነው፣ ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው፣ ቤንዚኑ በመሃሉ ያልፋል። የሚዘጋው ፊሌቶው (የቡሎኑ ጥርስ) አይደለም። የሚዘጉት ሁለቱ ሮንዴላዎች ናቸው፦ አንዱ ከቡሎኑ ራስ ስር፣ አንዱ ከቱቦው ቀለበት ስር። ሮንዴላው ለስላሳ ብረት የሆነበት ምክንያት መጀመሪያ ሲጨመቅ የሁለቱን ፊት ጭረትና ጉድጓድ እንዲሞላ ነው። ያንን ሥራ የሚሠራው አንዴ ነው። የድሮውን ሮንዴላ አውጥተህ በጥፍርህ ዳብሰው፣ ክብ ጠርዝ ታገኝበታለህ። ያ የድሮው መጋጠሚያ ቅርጽ ነው። አሁን መልሰህ ስታስቀምጠው ጠርዙ በነበረበት ቦታ አይገጥምም፣ በፀጉር ስፋት ይዛነፋል፣ ቤንዚን በዚያች ክፍተት ይወጣል። አንተ ሩብ ዙር ስትጨምር ክፍተቷን ታጠባታለህ፣ አትደፍናትም። አሁንም ስትጨምር ቀጥሎ የሚሄደው ቡሎኑ ነው፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ከሙሉ ቡሎን ቀድሞ ይለጠጣል፣ ቀዳዳው ጋ ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ግፊቱን አስወጣ፣ ፍታው፣ ሁለቱንም ሮንዴላ በአዲስ ቀይር፣ የቱቦውን ቀለበት ሁለት ፊት በደረቅ ጨርቅ አብስና ወደ ብርሃን አዘንብለህ ተመልከት። ከመሃል ወደ ውጭ የሚሄድ ጭረት ካለ ያፈሳል፤ ክብ ዙሮ የሚሄድ ጭረት ብዙም አይጎዳም። ቡሎኑን በጣትህ እስኪቆም አስገባ፣ ከዚያ 29። ከታች ያለው የቱቦ ዳዶ 30 ነው፤ እሱ ሮንዴላ የለውም፣ ሾጣጣው በሾጣጣ ላይ ነው የሚዘጋው። ስታስረው የፊልትሮውን ስድስት ማዕዘን በሌላ ቁልፍ ያዝ፤ ካልያዝክ ቱቦው ይጠመዘዛል።

ለገሃር፦ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ ላይ ለዚሁ ቡሎን 300 የሚል አለ። 29 ነው 300?

ጋሽ ዳዶ፦ ሁለቱም ነው። 300 ኪሎግራም ኃይል ሴንቲሜትር 29 ኒውተን ሜትር ነው። የጃፓን መጻሕፍት ሁለቱንም፣ አንዳንዴም ሦስቱን ጎን ለጎን ያትማሉ። የባሰው አደጋ ያለው በፓውንዱ ነው። ትንንሾቹ ቡሎኖች ላይ 80 ኢንች ፓውንድ ይላል፣ እሱ 9 ኒውተን ሜትር ነው። ኢንቹን ፉት ብሎ ያነበበ 108 ኒውተን ሜትር ይሰጠዋል፣ ቡሎኑ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይበጠሳል። ከቁጥሩ በፊት መለኪያውን አንብቡ።

ተክለ ሃይማኖት፦ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ ሁሉ ቁጥር ለመጽሐፍ ነው። እጁ የለመደ ሠራተኛ በስሜቱ ያውቀዋል።

አራት ኪሎ፦ እውነት ነው። የትኛው ጋራዥ ነው ለፊልትሮ ቶርክ ሬንች (ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ) የሚያወጣው?

ሶማሌ ተራ፦ ለዚህ ነዋ ፊሌቶው የተበላ ፊልትሮ ተመላሽ እየመጣ ሱቁን የሚያጨናንቀው። ዕቃው መጥፎ ነው ይሉናል፣ ዕቃውን የገደለው እጅ ነው።

ተክለ ሃይማኖት፦ ዕቃውም መጥፎ ነው። ኦርጂናል ብላችሁ የምትሸጡት ሮንዴላ አንዳንዱ ቆርቆሮ ነው።

ሶማሌ ተራ፦ ርካሹን ካልሰጠኸኝ ብሎ የሚጨቃጨቀው ማነው?

ጋሽ ዳዶ፦ ዋጋውን እዚያው ሱቁ በር ላይ ተከራከሩ። የእጅ ስሜትን ግን ልመልስ፣ ምክንያቱም ቀልድ አይደለም። እጅ የሚለካው ኃይልን ነው፣ ቶርክ ደግሞ ኃይል ሲባዛ በቁልፉ ርዝመት ነው። 9 ኒውተን ሜትር በ15 ሴንቲ ቁልፍ ወደ 6 ኪሎ ግፊት ነው፤ በ30 ሴንቲ ቁልፍ 3 ኪሎ። እጅህ በአጭሩ 10 ቁጥር ቁልፍ የለመደውን 6 ኪሎ በረጅሙ ላይ ብትደግመው እጥፍ አሰርከው። ቁልፍ ቀያይሮ የሚሠራ ሰው ስሜቱም አብሮ ይቀያየራል።

ሌላም አለ። በቡሎን ላይ ከምታፈሰው ጉልበት ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው ከራሱ ስር ባለው ሰበቃ ነው፣ 40 በመቶ የሚሆነው ደግሞ በፊሌቶው ሰበቃ። ቡሎኑን ለጥጦ የሚያስረው የቀረው 10 በመቶ ገደማ ነው። አሁን ፊሌቶውን ዘይት ቀባው፤ ሰበቃው ይቀንሳል፣ በዚያው 29 ላይ የሚለጠጠው መጠን በብዙ ይጨምራል። ዝገትና አቧራ ካለበት ደግሞ ሬንቹ 29 ብሎ ይጮሃል፣ ቡሎኑ ግን ገና አልታሰረም። ለዚህ ነው የመጽሐፉ ቁጥር ንጹሕና ደረቅ ፊሌቶ ላይ ነው የምለው። መጽሐፉ ዘይት ቀቡ ካለ ብቻ ቀቡ።

ጎላ፦ ቶርክ ሬንች ከጎረቤት አግኝቻለሁ፣ ለቴስታታ (ለሞተሩ ራስ) የሚሠሩበት ትልቁ ነው፣ እስከ 210 ይሄዳል። ይሆናል?

ጋሽ ዳዶ፦ አይሆንም። እንደዚህ ያለ ሬንች የሚታመነው ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ጀምሮ ነው፣ ማለትም ከ42 ወዲያ። ለነዳጅ መስመር ሁለት ትንንሽ ያስፈልጋል፦ ከ5 እስከ 25 እና ከ20 እስከ 100 ዓይነት። ቀስ ብለህ ሳብ፣ ቀጭ ሲል አቁም፤ “ለእርግጠኝነት” ሁለተኛ ቀጭ አታስብለው። ለመፍቻ አትጠቀምበት። ሲያድር ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሰው።

ጎላ፦ ዳዶው ላይ ቡሶላ (ዙሪያውን የሚከድን ቁልፍ) አይገባም፣ ቱቦው ይከለክላል።

ጋሽ ዳዶ፦ አዎ፣ ጫፉ ላይ የሚሰካ ክፍት ቁልፍ ያስፈልጋል፣ ከስድስቱ ጠርዝ አምስቱን የሚይዘው። ግን ልብ በል፦ ከሬንቹ ጋር ቀጥ ብሎ ከተሰካ ክንዱን ያረዝመዋል፣ ቁጥሩም ይለወጣል። ሬንችህ ከመያዣው መሃል እስከ ራሱ 30 ሴንቲ ከሆነ፣ የተሰካው 4 ሴንቲ ከጨመረ፣ ለ29 የምትሞላው 29 × 30 ÷ 34 ነው፣ ወደ 25.6። ወደ ጎን 90 ዲግሪ አድርገህ ከሰካኸው ስሌት አያስፈልግህም፣ ቁጥሩን እንዳለ ሙላ።

ባለ ቪትዝ፦ ቪትዝ፣ 2003፣ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ። ኢንጀክተሮቹ ታጥበው ሊመለሱ ነው። የሬሉ ሁለት ቡሎን በስንት?

ጋሽ ዳዶ፦ ሁለቱ የሬል ቡሎኖች፣ 12 ቁጥር ቁልፍ የሚይዛቸው፣ 19 ኒውተን ሜትር። ቱቦውን ከቦታው የሚይዘው ትንሹ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ የሚይዘው፣ 9። ትንሹ ገብቶ የሚታሰረው አሉሚኒየም ላይ ነው፣ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥህም።

ቅደም ተከተሉ ከቁጥሩ ይበልጣል። የኢንጀክተሩን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) በአዲስ ቀይር፣ ቤንዚን ቀባው፣ ቅባት ወይም ግራሶ አታስነካው። እያዞርክ ወደ ሬሉ አስገባ። ከሬሉ ስር ያሉትን ሁለት ማራራቂያዎች አትርሳ፤ ጋራዥ ወለል ላይ ተረስተው የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ሬሉን አስቀምጥ፣ ሁለቱን ቡሎን በጣት ብቻ አስገባ። አሁን እያንዳንዱን ኢንጀክተር በጣትህ አዙረው። ለስልሶ ከዞረ እሰር። አልዞር ካለ ኦሪንጉ ተጠምዟል፣ አውጥተህ እንደገና። ከዚያ ከአንዱ ቡሎን ወደ ሌላው እየተመላለስክ በሁለት ዙር ወደ 19 አድርስ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ሬሉ ይዘምማል፣ ኦሪንጉን ይቆርጠዋል፤ እዚያ መስመር ላይ ከ3 ባር በላይ ግፊት አለ፣ ከስሩ ደግሞ የጋለ ሞተር።

አራት ኪሎ፦ ከፍታው ቶርክ ላይ ለውጥ አለው? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።

ጋሽ ዳዶ፦ የለውም።

ፒያሳ፦ ተመለስኩ። መኪናው ኮሮላ ዲኤክስ ነው። የነዳጁ ቡሎን በስንት ነው?

ጋሽ ዳዶ፦ የቱ ቡሎን? ባለ ካርቡራተር ከሆነ ቱቦው የሚያዘው በፋሼታ (በማሰሪያ ቀለበት) ነው፣ ቶርክ የለውም። ጎማው በፋሼታው ቀዳዳ ውስጥ ሳይገፋ ጥብቅ ይበል። የተሰነጠቀ ጎማ ካለ ቀይረው፣ በነዳጅ ጎማ፣ በውሃ ጎማ አይደለም።

ለገሃር፦ መንግሥት የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ ገዝቶ ከዚህ ሁሉ መገላገል አይሻልም?

ሶማሌ ተራ፦ የኤሌክትሪኩም የባትሪ ገመድ በቶርክ ነው የሚታሰረው፣ ላላ ካለ ይቃጠላል።

ባለ ቪትዝ፦ በስንት?

ጋሽ ዳዶ፦ ርእሳችን ቤንዚን ነው።

ጎላ፦ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ አጣሁ። የድሮውን በእሳት አግሎ መመለስ ይቻላል ይባላል።

ተክለ ሃይማኖት፦ ይቻላል፣ ግን ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ፣ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ይጠነክራል።

ጋሽ ዳዶ፦ አይጠነክርም። በውሃ የሚጠነክረው ካርቦን ያለው ብረት ነው። መዳብ ከቀላ በኋላ ውሃ ውስጥ ብትጨምረውም ራሱ ቢቀዘቅዝም ያው ለስላሳ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ ሲግል ጥቁር ቅርፊት ያወጣል፣ ቅርፊቱ ካልጸዳ ወይ ፊቱን ያበላሻል ወይ ወደ ኢንጀክተር ይሄዳል። ደግሞ ጠርዙ የተዛባ ሮንዴላ ቢለሰልስም ጠርዙ አይጠፋም፤ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መስተካከል አለበት። የሩቅ መንገድ ላይ ለተቸገረ እሺ። አንተ ግን ጎላ ነህ፣ ሶማሌ ተራ በእግር ይደረሳል። የአሉሚኒየሙን ከሆነ ጭራሽ እሳት አታስነካው።

አራት ኪሎ፦ ፊሌቶው ላይ ተፍሎን ብንጠመጥምስ?

ጋሽ ዳዶ፦ አይሆንም። እዚህ ፊሌቶ አይደለም የሚዘጋው ብያለሁ። ተፍሎኑ ይበጣጠሳል፣ ከፊልትሮ በኋላ ከሆነ በቀጥታ ኢንጀክተር ውስጥ ይገባል። ሲሊኮንም አይሆንም፣ ቤንዚን ያበላሸዋል።

ባለ ዶልፊን፦ ዶልፊን (ቶዮታ ሃይኤስ)፣ ናፍታ፣ ሞተሩ 2ኬዲ። ከኢንጀክተር አንዱ ተቀየረ፣ የብረት ቱቦው ዳዶ ጋ ናፍታ ይታያል። በደንብ ታስሯል።

ጋሽ ዳዶ፦ ቱቦውም አብሮ ተቀይሯል? አምራቹ ኢንጀክተር ሲቀየር የዚያን ቱቦ አብራችሁ ቀይሩ ይላል፤ የቱቦው ጫፍ በድሮው መቀመጫ ቅርጽ ተጨፍልቋል፣ ለአዲሱ አይገጥምም። የጥብቀቱን ቁጥር ከሞተሩ መጽሐፍ አውጣ፣ የናፍታ ነገር ላይ ከእኔ የናፍታ ፖምፓ ሠራተኛ ይሻልሃል። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ስሙ፦ እዚያ መስመር ላይ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ያልፋል። ሞተሩ እየሠራ የሚያፈስበትን በጣት አትፈልጉ። ዓይን የማያየው ቀጭን የናፍታ ፍንጣቂ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ላዩ እንደ መርፌ ወግ ብቻ ይታያል፣ እጁን ግን ውስጥ ውስጡን ይገድለዋል። በካርቶን ፈልጉ። ቆዳ ውስጥ የገባበት ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ባለ ቪትዝ፦ የሰርባቶዮው ፖምፓ ከኋላ ወንበር ስር ነው አይደል? የሱ ክዳንስ?

ጋሽ ዳዶ፦ አዎ። ከመክፈትህ በፊት አቧራውን ንፋው። ጓርኒሲዮኑ (የክዳኑ ማሸጊያ) ቤንዚን ጠጥቶ ስለሚያብጥ የድሮው ተመልሶ አይገጥምም፣ አዲስ ይዘህ ግባ። ትንንሾቹ ቡሎኖች ከ10 ኒውተን ሜትር በታች ናቸው፣ በመስቀል ቅርጽ እየዘለልክ እሰር። ጋራዡ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለ ወደ ውጭ ይውጣ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ሄዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ አልሸተተኝም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ጎላ፦ ቀይሬ በ29 አሰርኩት። አሁን እንዴት ልፈትሸው?

ጋሽ ዳዶ፦ መጋጠሚያውን አድርቀው። አስነሳው። 10 ደቂቃ ይሥራ፣ በነጭ ሶፍት ዙሪያውን አብስ፣ ከስርም። አጥፋው፣ ጥቂት ቆይተህ እንደገና አብስ፤ ግፊቱ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ይቆያል። ሶፍቱ እርጥበት ከያዘ ወይም ከሸተተ...

ጎላ፦ ትንሽ ላጥብቀው?

ጋሽ ዳዶ፦ ፍታው!

ፒያሳ፦ የካርቡራተሩ አይደለም ያልኩት፣ የሰርባቶዮው ነው። በስንት ይጠበቃል?

ጋሽ ዳዶ፦ የማፍሰሻው ነው ወይስ የመሸከሚያው? ሞተሩስ? ነገ አሟልተህ ጻፍ። ለዛሬ ዘግቻለሁ።