የጸሎት ርእስ የሆነው ምስጢር

ጥያቄ

ለአምዱ አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ አሁን ግን ትዕግሥቴ አልቋል። የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። እኔና ባለቤቴ በቤተ ክርስቲያናችን ለረጅም ዓመታት ያገለገልን ሰዎች ነን፤ እርሱ ሽማግሌ ነው፣ እኔም የእህቶችን ኅብረት አስተባብራለሁ። ልጃችን በሰንበት ትምህርት ቤት ጥቅስ በቃሉ በመያዝ የሚቀድመው አልነበረም፤ ኋላም ከታዳጊዎቹ መዘምራን ጋር አገልግሏል። ከአምስት ወር ወዲህ ግን እሑድ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙን ጽፌ የሰጠሁት መጽሐፍ ቅዱስም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከቦርሳው አልወጣም።

እኔን የሚያቃጥለኝ የቤተ ክርስቲያናችን ዝምታ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት የወጣቶች አስተማሪዎች ተቀያይረዋል፤ አንዱም የልጆቹን ስም በቅጡ ሳይለይ ነው የሚሄደው። ለድምፅ ማጉያና ለመድረክ ገንዘብም ጉልበትም አይጠፋም፤ የቀረ ልጅ ቤት ሄዶ የሚያንኳኳ ግን የለም። እኛ ለሰው ልጆች ስንሮጥ የእኛን ልጅ የሚያይልን አጣን። ተደረገለት የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ምሽት የአባቱን ሸሚዝ ስተኩስ አጠገቤ ቆሞ «እማዬ፣ ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም» ሲለኝ ደንግጬ ለአስተማሪው የጸሎት ርእስ አድርጌ ሰጥቼው ስለነበር፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ወደ ፊት አውጥተው፣ ጉዳዩን ለወጣቶቹ ገልጸው፣ እጅ ጭነው ጸልየውለታል። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያየው የለም። ልጆቻችንን በአደራ የሰጠናት ቤተ ክርስቲያን እንዲህ መሆን ይገባታል?

አባቱ «በቤቴ እስካለ ድረስ ይሄዳል» ይላል። ልጆቹን ባለመከልከሉ የተፈረደበትን ካህኑን ዔሊን እየጠቀሰ «እኔ እንደ እርሱ አልሆንም» ይለኛል። ባለፈው እሑድ ተጨቃጭቀው ልጁ አንድ እግር ጫማውን እንዳደረገ፣ ሌላውን በእጁ እንደያዘ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀረ፤ እኛም ትተነው ሄድን። በግድ እንውሰደው ወይስ እንተወው? ለማንም ያልነገርሁት ነገርም አለ፤ ከእኔ ጋር ከ«ደኅና ነኝ» ያለፈ ቃል መነጋገር ካቆመ ሰነበተ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጄ የተወው እግዚአብሔርን ነው ወይስ እኔን?

የጨነቃት እናት

መልስ

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የተወው እርስዎን ይመስለኛል። ይህን ስል ላሳዝንዎ ፈልጌ አይደለም፤ እርስዎን ከሆነ ሊመለስበት የሚችልበት መንገድ አጭር ስለሆነ ነው።

ስለ ድምፅ ማጉያው ያሉትን አምናለሁ፤ ስለ አስተማሪዎቹ መቀያየርም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ልጅዎን ከዚያ አዳራሽ ያስወጣውን ነገር እንደ ውለታ ቈጥረው በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ለእናቱ ብቻ ብሎ፣ ያውም ዓይን ለዓይን ላለመተያየት እርስዎ በሥራ የተያዙበትን ሰዓት መርጦ፣ በልቡ ያለውን ከባድ ነገር አወጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ ያ ነገር በእኩዮቹ ፊት ተነገረ፤ እርሱም መካከል ቆሞ የሁሉም እጅ ትከሻው ላይ ነበር። ማን እንደተናገረበት ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። በጸሎት ስም የሚወጣ ምስጢር ያው የወጣ ምስጢር ነው፤ ይህን ደግሞ የእህቶችን ኅብረት የሚያስተባብሩት እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ዘዳግም 6 ወላጆችን ቃሉን ለልጆቻችሁ አስተምሩ ሲል ሰዓቱንም ይናገራል፤ በቤት ስትቀመጡ፣ በመንገድ ስትሄዱ፣ ስትተኙና ስትነሡ። ሸሚዝ ሲተኩሱ የነበረበት ምሽት ያ ሰዓት ነበር፤ እርስዎ ግን ለሌላ ሰው አስተላለፉት። ሮበርት ሬክስ እ.ኤ.አ. በ1780 በእንግሊዟ ግሎስተር የሰንበት ትምህርት ቤት ሲያስጀምር የፈለገው ስድስት ቀን በሥራ ደክመው የሚውሉ የድሆች ልጆች በሰባተኛው ቀን ንባብና መጽሐፍ ቅዱስ እንዲማሩ ነበር፤ የእናትን ወንበር እንዲረከብ አልታሰበም። ሳምንቱ 168 ሰዓት አለው፤ ቤተ ክርስቲያን ቢበዛ ሦስቱን ወይም አራቱን ታገኛለች፤ በአደራ ሰጠናት የሚሉት ይህንኑ ያህል ነው።

ባለቤትዎ ዔሊን ከጠቀሱ በአንደኛ ሳሙኤል ያለውን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ በመሥዋዕቱ ላይ የሚቀሙ፣ በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ የሚያመነዝሩ ጐልማሶች ካህናት ነበሩ፤ «ስጸልይ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም» ካለ ብላቴና ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በዚያው መጽሐፍ፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ፣ እርሱው ዔሊ ሌሊት ሦስት ጊዜ የቀሰቀሰውን ሳሙኤልን ሳይቈጣ «ተመልሰህ ተኛ» እያለ፣ በኋላም የሚጠራው ማን እንደሆነ አስተውሎ ምን ብሎ እንደሚመልስ ሲያስተምረው እናገኘዋለን። ባለቤትዎ መምሰል ካሻቸው ይህን ዔሊ ይምሰሉ። ጫማውን በእጁ ይዞ ደጃፍ ላይ የቀረ ልጅን እየጎተቱ አዳራሽ ማስገባት ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ወር በግድ መውሰድን ፈጽሞ አልመክርም።

ደግሞም የተናገረውን ቃል ልብ ብለው አልሰሙትም። «ስጸልይ» ነው ያለው። የማይጸልይ ሰው የሚሰማው እንደሌለ አይቸገርበትም፤ መዝሙረኛውም በቀን እጮኻለሁ፣ አንተም አልመለስህልኝም ብሎ ለራሱ ለአምላክ አመልክቷል። እርስዎ ክህደት መስሎዎት የደነገጡበት ነገር የሚጸልይ ልጅ እሮሮ ነበር።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለችውን እናት ያስቡ። የ12 ዓመት ልጇን ሦስት ቀን ፈልጋ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ አገኘችው፤ የመለሰላትንም አላስተዋለችም። ወንጌላዊው ግን ነገሩን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው እንደነበር ይነግረናል። ያልገባትን ነገር ይዛ ቈየች፤ ለማንም አላከፋፈለችም።

እንግዲህ ስለ እሑድ ምንም ሳያነሡ ብቻውን ያግኙትና ያደረጉትን በስሙ ጠርተው ይንገሩት፤ «ያመንህብኝን ለሌላ ሰው ሰጠሁብህ» ይበሉት። «ግን» የምትለውን ቃል አያስከትሉ፤ ስላሰብሁልህ ነው ማለትም ያው «ግን» ነው። ቢቈጣ ይቈጣ፤ ከክፍሉ ውጡ ቢልዎትም ይውጡ። አስተማሪውም ልጁን ለብቻው አግኝቶ ይቅርታ እንዲጠይቀው ይንገሩት፤ ወደፊትም የወጣቶችን ጉዳይ ባለጉዳዩ ሳይፈቅድ በአደባባይ እንዳያነሣ ባለቤትዎ በሽማግሌነታቸው ጉዳዩን ወደ ሽማግሌዎች ያቅርቡት፤ ለቤተ ክርስቲያን ያለዎት ቅሬታ እውነተኛ ሥራ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቀን ሲያልፍ፣ የዚያን ምሽት ላለው ነገር ከቤትዎ እስካሁን መልስ የሰጠው ሰው እንደሌለ አይርሱ። እርስዎም ጸልየው የሚሰማዎ እንደሌለ የመሰለዎት ጊዜ ካለ፣ እርሱን ይንገሩት።