ባንድ ወገን ለጠወለገው ቡና፦ ገጀራህን ጠርጥር

ወንድሜ፣ «ሦስት እግር ቡና ባንድ ወገን ብቻ ጠወለጉብኝ፤ ኮፐር ልርጭ ወይስ ልጎንድላቸው?» ብለሃል። ሁለቱንም ተው። ኮፐር የሚባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ለፍሬው በሽታ፣ ሲቢዲ ለምንለው፣ እና ለቅጠል ዋግ ነው። ባንድ ወገን የሚያጠወልገው፣ አጠውልግ የምንለው የፈንገስ በሽታ ግን ግንዱ ውስጥ ገብቶ የውሃ መተላለፊያውን ይደፍናል፤ ላይ ላዩን የተረጨ ነገር አይደርስበትም። የመድኃኒት ሻጩ «ፈንገስ ነው» ካልከው ያው ኮፐር ያወጣልሃል፣ ገንዘብህን ይቀበልሃል።

1. መጀመሪያ አጠውልግ መሆኑን አረጋግጥ። ከአፈሩ ከፍ ብለህ ቅርፊቱን በቢላ ላጥ። እንጨቱ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁር ቀለም ካለው እሱ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ነጭ ነገር ተነጥፎ ካገኘህ ግን የሥር አበስብስ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከድሮ የዛፍ ጉቶ ይነሳል። የውሃ ጥም ከሆነ ደግሞ እግሩ በሙሉ ይዝላል፣ ዝናብ ሲያገኝ ይነሳል።

2. ገጀራው። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ፈንገሱ መግቢያ ቁስል ይፈልጋል። አረም በገጀራ ሲጨፈጨፍ የግንዱ ግርጌ ይላጣል፤ ያው ስለት ከታመመው ወደ ጤነኛው ይሻገራል። ስለዚህ ከግንዱ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል በእጅ አርም፤ ከዚያ ወዲያ ጉዝጓዝ አልብሰው። ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስታልፍ ስለቱን በእሳት ለብልበው፣ ወይም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠህ ንከረው። አፈሩን ግን አስቀድመህ ጥረግ፤ በቆሸሸ ስለት ላይ በረኪና ጉልበት የለውም። ብረትም ስለሚበላ ማታ አጥበህ ዘይት ቀባው። የቀን ሠራተኛ ከቀጠርክ የራስህን ገጀራ ስጠው፤ የእሱ ትናንት የማን ማሳ ውስጥ እንደዋለ አታውቅም።

ጉንደላም የማይሆነው ለዚሁ ነው። በሽታው ታች ስላለ የሚያቆጠቁጠው ቀንበጥ ተመልሶ ይደርቃል፣ መጋዝህም ይበከላል።

ሦስቱን ከነሥራቸው ነቅለህ እዚያው ጉድጓዱ ላይ አቃጥላቸው። በማሳው መሃል እየጎተትክ አታውጣ፣ ለማገዶ ቤት አታስገባ፣ ለአጥርም አትትከል። የደረቀው ግንድ ቅርፊት ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ የበሽታው ዘር የሚበተነው ከእነሱ ነው። «ፍሬውን ለቅሜ እነቅለዋለሁ» ማለትም ሞኝነት ነው፤ ለጥቂት ጣሳ ቡና ብለህ ለጎረቤት እግሮች ወራት የሚቆይ ምንጭ ታቆያለህ።

ጉድጓዱ ቢያንስ 6 ወር፣ ከቻልክ እስከ 2 ዓመት ቡና አይተከልበት።

ስትተካ «በሽታ የሚቋቋም ነው» ተብሎ 74110 ወይም 74112 የሚባል የቡና ዝርያ ይሰጥህ ይሆናል። ጥሩ ቡናዎች ናቸው። ነገር ግን 74 ማለት እ.ኤ.አ. 1974 ነው፤ ያኔ የተመረጡት ሲቢዲን እንዲቋቋሙ እንጂ ለአጠውልግ አይደለም። ችግኙን ከመቀበልህ በፊት «የሚቋቋመው የትኛውን በሽታ ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ የችግኝ ጣቢያው ሰው ቢቆጣም ይቆጣ።