ሸራውም ዲስኩም አዲስ ሆኖ የሚጮኽ ፍሬን

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራ ሬንጅ ሮቨር ስፖርት አለኝ። በአራቱም ጎማ የፍሬን ሸራና ዲስክ አስቀይሬያለሁ። ሆኖም ቀስ ብዬ ስቆም ያፏጫል፤ በፍጥነት ላይ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ከረጅም ጉዞ በኋላ ደግሞ ከኋላ ቀኝ ጎማ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የገጠሙልኝ ሸራ የማይረባ ይሆን?

መልስ፦ ሸራውን ለጊዜው ይተዉት፤ መጀመሪያ የሚታየው ሽታው ነው። ፉጨቱ ቢያበሳጭም ይቆያል። ሳይለቅ እየታከከ የሚግል ፍሬን ግን የፍሬን ዘይቱን እስከ ማፍላት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል።

ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ ጥቂት ነድተው ይቁሙ። እጅዎን ወደ ኋላ ቸርኬዎች ያስጠጉ እንጂ አይንኩ፤ ቀኙ ከግራው በግልጽ የሚግል ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በታኮ አስይዘው፣ መኪናውን በክሪክ አንስተው በመቆሚያ ይደግፉ። የአየር ሰስፔንሽን (በአየር ግፊት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሸከሚያ) ያለው መኪና ሥር በክሪክ ብቻ ተማምኖ መግባት ፈጽሞ አይሞከርም። የእጅ ፍሬኑን ለቀው ጎማውን ያዙሩ። ከከበደ በካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ በሚጫነው ክፍል) ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን በጥቂቱ ይፍቱ። ዘይቱ ፊን ብሎ ወጥቶ ጎማው ከቀለለ ግፊቱ ታፍኖ ነበር ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከውስጥ ያበጠው ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ካልቀለለ ካሊፐሩ ወይም የእጅ ፍሬኑ ይዟል።

እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖች ነው። ሸራ ብቻ የሚቀይር ሰው አውጥቶ አያያቸውም። ጤነኛ ፒን በሁለት ጣት ሲገፉት ይገባል፣ ሲስቡትም ይወጣል። የደረቀው በመዶሻ ካልሆነ አይነቃነቅም፤ ሲወጣም ቡናማ ዝገት ለብሶ ነው። የውስጠኛው ሸራ ከውጭኛው ቀድሞ ካለቀም ወደ ፒኖቹ ያመለክታል። ያጽዱና ለላስቲክ የሚስማማ የሲሊኮን ግሪስ ይቀቧቸው። ተራ የኩሽኔታ ግሪስ የፒኑን መሸፈኛ ላስቲክ ያሳብጠውና ችግሩ እንደገና ይመጣል።

ፒኖቹ ደህና ከሆኑ የእጅ ፍሬኑ ይታይ። በዚህ መኪና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሳብ ሲሆን፣ ሸራዎቹ በኋላ ዲስኮች እምብርት ውስጥ ተደብቀዋል። ዲስክ ሲቀየር ክፍተታቸው እንደገና ካልተስተካከለ ወይም አቧራ ከሞላባቸው ይታከካሉ፤ የእጅ ፍሬኑን ማብሪያ ሲስቡም የሚሰነጥቅ ጩኸት ያሰማሉ። ያን ጩኸት ከሰሙ እስኪታይ ድረስ አይሳቡት፤ ሞተሩ ርካሽ ዕቃ አይደለም።

የመሪው መንቀጥቀጥ ከፊት ነው። አዲስ ዲስክ በዛገ ሀብ (ዲስኩና ጎማው በሚታሰሩበት ማዕከል) ላይ ከታሰረ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ዝገት ይበቃዋል። ይፈታ፣ ሀቡ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፤ ዳዶዎቹም በአየር መሣሪያ ሳይሆን በልኬት ቁልፍ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ እየተፈራረቁ በ140 ኒውተን ሜትር ይጠበቁ። ካልተወ የታችኛውን የፊት ክንድ ቡሾች (የመገጣጠሚያ ላስቲኮች) ያስፈትሹ፤ በዚህ መኪና ክብደት ቶሎ ይላላሉ።

ለፉጨቱ ከሸራው ጀርባ ያሉት ስስ ላሜራዎችና መያዣ ክሊፖች መገጠማቸውን ይዩ። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት በመካከለኛ ኃይል አሥር ጊዜ ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ ፍጥነቱን ይቀንሱ። ይህም ካልረዳ ሸራውን መጠርጠር ይቻላል።

የአየር ማስወጫ ቡሎኗን ከፈቱ በኋላ አየሩ ተጠናቆ ሳይወጣና ፔዳሉ ሳይጠነክር መኪናው አይነዳም። ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው በዚያው አጋጣሚ በሙሉ በአዲስ ዶት 4 የፍሬን ዘይት ይተካ።