ሁለት ትኬት፣ አንድ ጉዞ፦ ቀጣዩ በረራ ሲያመልጥ ማን ይከፍላል?

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር ከአገር ወደ አገር በረርኩ። ካረፍኩ በኋላ በሌላ አየር መንገድ የአገር ውስጥ በረራ ይዤ መቀጠል ነበረብኝ። በሁለቱ በረራዎች መካከል 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበረኝ። ትኬቶቹን ለየብቻ የገዛሁት ዋጋው ስለሚቀንስ ነው። የመጀመሪያው በረራ 55 ደቂቃ ዘግይቶ ገባ። የአውሮፕላኑ በር ከተከፈተ በኋላ ፓስፖርት እስካስመታ 35 ደቂቃ፣ ሻንጣ ስጠብቅ 30 ደቂቃ፣ ወደ ሌላው ተርሚናል ስሄድ ደግሞ 15 ደቂቃ ፈጀብኝ። ስደርስ ቼክ ኢን ተዘግቷል፤ ከመነሻው 45 ደቂቃ በፊት ነው የምንዘጋው አሉኝ። ሆቴል አደርኩ፣ በማግሥቱ አዲስ ትኬት ገዛሁ። ይባስ ብሎ የመልስ በረራዬንም ሰርዘውታል። የመጀመሪያው አየር መንገድ “ሌላው ትኬት እኛን አይመለከትም” አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ “የቀሩት እርስዎ ነዎት” አለኝ። መብት አለኝ ወይ? ለወደፊቱስ ስንት ሰዓት ልተው?

መልስ፦ ከሁለቱ መልሶች የሁለተኛው አየር መንገድ በሕግ የሚያስኬድ ነው። የመጀመሪያው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገላገልዎ አይችልም። በእሱ ላይ ጥያቄ የማቅረብ መብት አለዎት። ሙሉውን ገንዘብ ያገኛሉ ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም። ምክንያቱን ላስረዳ።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን አይደለም፤ ትኬቱን ነው። ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት ተሽጦ ቢሆን ኖሮ፣ አየር መንገዱ እስከ መጨረሻው መዳረሻ ሊያደርስዎ ውል ገብቷል ማለት ነው። የመሸጋገሪያውን ሰዓት የመረጠውም እሱ ነው። እያንዳንዱ ኤርፖርት ለዝውውር የሚበቃ ዝቅተኛ ጊዜ አለው፤ አየር መንገዶች በአንድ ትኬት የሚሸጡት ከዚያ በላይ የሆነውን ግንኙነት ብቻ ነው። ስለዚህ የእሱ በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጥዎ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሚቀጥለው በረራ ያሳፍርዎታል። ሁለት ትኬት ሲሆን ግን ሁለት የማይተዋወቁ ውሎች ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ሰዓት የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ ክፍተቱ ላይ የሚደርሰው ችግርም በአብዛኛው የእርስዎ ይሆናል። በቅናሹ የገዙት አደጋ ይሄ ነው። ሻጮች ይህን በጉልህ ሲናገሩ ብዙም አላይም፤ ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጣሩልኝ። ኢሜይልዎን ይክፈቱና የኤሌክትሮኒክ ትኬት ቁጥሩን ይዩ። 13 አሃዝ ነው። ሁለቱም በረራዎች በአንድ ቁጥር ሥር ከሆኑ፣ የገዙት አንድ ትኬት ነው፤ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለውን የቦታ ማስያዣ ኮድ ብቻ አይተው አይፍረዱ። የጉዞ ወኪል ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን በአንድ ወረቀት አትሞ ሊሰጥዎ ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 በሰጠው ውሳኔ፣ አየር መንገዶቹ እርስ በርስ ምንም ውል ባይኖራቸውም፣ የጉዞ ወኪሉ በረራዎቹን አያይዞ፣ አንድ ጠቅላላ ዋጋ አስከፍሎ፣ አንድ ትኬት ከሰጠ፣ ጉዞው እንደ አንድ ተያያዥ በረራ ይቆጠራል ብሏል። ስለዚህ ከወኪል ገዝተው ከሆነ ደረሰኙን ይፈልጉ።

ለየብቻ መግዛትዎ እውነት ከሆነ ወደ ሞንትሪያል ስምምነት እንሂድ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመ፣ ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞን የሚገዛ ስምምነት ነው። አብዛኞቹ የዓለም አገሮች ተቀብለውታል። አንቀጽ 19 እንዲህ ይላል፦ አጓጓዡ በመዘግየት ምክንያት መንገደኛው ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ነው። በዚህ አንቀጽ ያለው ማምለጫ አንድ ነው። አጓጓዡና ሠራተኞቹ ጉዳቱን ለማስቀረት በአግባቡ የሚጠበቁ እርምጃዎችን ሁሉ መውሰዳቸውን፣ ወይም መውሰድ የማይቻል መሆኑን ማስረዳት አለበት። የማስረዳት ሸክሙ የእሱ ነው። “መጥፎ አየር ነበር” ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም።

አንቀጹ ጉዳቱ በዚያው አየር መንገድ ትኬት ላይ የደረሰ መሆን አለበት አይልም። በመዘግየቱ ምክንያት ያወጡት የሆቴልና የአዲስ ትኬት ወጪ ጉዳት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። በጉዞ ውሉ ውስጥ “ሰዓቱ ዋስትና የለውም” የሚል ሐረግ ሊያሳዩዎት ይችላሉ። አይደንግጡ። አንቀጽ 26 አጓጓዡን ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ የውል ቃል ዋጋ የለውም ይላል።

አሁን ክርክሩ ሁሉ የሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ደረስን። ቀጣዩ በረራ ያመለጠዎ በመዘግየቱ ነው ወይስ ሰዓቱ መጀመሪያውኑ ስላልበቃ? እስቲ እናስላው። 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበረዎት። ቼክ ኢን 45 ደቂቃ ቀድሞ ስለሚዘጋ በእጅዎ የነበረው እውነተኛ ጊዜ 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ፓስፖርት፣ ሻንጣና ተርሚናል ሲደመሩ 80 ደቂቃ ወስደዋል። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ቢገባ ኖሮ ቼክ ኢን ሊዘጋ 5 ደቂቃ ሲቀረው ይደርሱ ነበር! በ55 ደቂቃው መዘግየት ግን የቀረዎት 30 ደቂቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ ምክንያቱ መዘግየቱ ነው ማለት ይቻላል። ግን በ5 ደቂቃ የቆመ ክርክር ነው፤ ማስረጃ ይፈልጋል። የሻንጣ መለያ ወረቀት፣ ፓስፖርትዎ ላይ ያለው ማኅተም፣ ስልክዎ ላይ ያሉ ፎቶዎችና መልእክቶች ከነሰዓታቸው፣ ሁሉንም ያስቀምጡ። የገባበትን ሰዓት በተመለከተ አየር መንገዱ መንኮራኩሩ መሬት የነካበትን ሰዓት ሊነግርዎ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የመድረሻ ሰዓት የሚቆጠረው ቢያንስ አንድ በር ከተከፈተበት ቅጽበት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ይህን እ.ኤ.አ. በ2014 ወስኗል። በሌላ ቦታም ጥሩ መከራከሪያ ነው።

የአየር መንገዱ ጠበቃ ቀጥሎ የሚያነሳውን ልንገርዎ፦ አንቀጽ 20። ጉዳቱ እንዲደርስ የተጎጂው ቸልተኝነት አስተዋጽኦ ካደረገ፣ ካሳው በዚያው መጠን ይቀነሳል ወይም ይቀራል። “ከዓለም አቀፍ በረራ በኋላ ሻንጣ ይዞ፣ በሌላ ትኬት፣ በሌላ ተርሚናል፣ 5 ደቂቃ ብቻ መጠባበቂያ የተወ ሰው ራሱ ተጠንቅቋል ወይ?” ይላል። ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን ቀድሜ የማነሳው እሱን ነው። ለዚህ ነው ሙሉውን ያገኛሉ ያላልኩት። ከፊሉን ለመክፈል ቢስማሙ መስማማቱን በደንብ ያስቡበት እላለሁ።

ለመንገደኛ መዘግየት የሚከፈለው ካሳ ጣሪያ አለው። ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ መንገደኛ 6,303 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ነው። የእርስዎ ወጪ ከዚህ በታች ስለሚሆን ጣሪያው አያሳስብዎ።

ብዙ ሰው “ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሳ አለ ይባላል” እያለ ይጠይቀኛል። እሱ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ነው። የሚሠራው ከኅብረቱ ኤርፖርት ለሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ ወይም በኅብረቱ አየር መንገድ ወደዚያ ለሚገባ በረራ ነው። ካሳው የሚመጣው ደግሞ መዳረሻ ላይ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሲዘገይ ነው። የእርስዎ የመጀመሪያ ትኬት መዳረሻ ያረፉበት ከተማ ስለሆነ፣ በዚህ ደንብ የሚቆጠርልዎ 55 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሳ የለም። በአንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ፣ ያው 55 ደቂቃ ቀጣዩን በረራ አስመልጦ መጨረሻው መዳረሻ ላይ በማግሥቱ ስላደረስዎ፣ ደንቡ የሚሸፍነው ጉዞ ከሆነና መዘግየቱ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ ካልነበረ፣ ካሳ ይገባዎ ነበር። ተመሳሳይ ሰው፣ ተመሳሳይ መዘግየት፣ ልዩነቱ ትኬቱ ብቻ!

ስለ ሁለተኛው አየር መንገድ አጭር ነው። በሰዓቱ አልቀረቡም፤ በውሉ መሠረት ኖ-ሾው፣ ማለትም ሳይቀርብ የቀረ መንገደኛ፣ ነዎት። የመልስ በረራው የተሰረዘውም በዚሁ የውል ቃል ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች አንዱን በረራ ሳይበርሩ ሲቀሩ የቀሩትን ይሰርዛሉ። ያልተጠቀሙበትን የኤርፖርት ታክስ እንዲመልሱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ለወደፊት ግን ይህን አይርሱ፦ እንደማይደርሱ ካወቁ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ይደውሉ። ሰልፍ ላይ ቆመውም ቢሆን ይደውሉ። ሳይነሳ የተነገረው አየር መንገድ ትኬቱን ሊቀይርልዎ ይችላል፤ ከተነሳ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀየር ነገር የለም።

አሁን ስንት ሰዓት ይተው? በአንድ ትኬት ከሆነ በሕግ ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። ቢሆንም ዝቅተኛው ጊዜ ለመድረስ የሚበቃ ነው እንጂ የሚያዝናና አይደለም። በተለይ የመጀመሪያው መግቢያ ኤርፖርት ላይ ምን እንደሚጠብቅዎ ይወቁ። አሜሪካ ሲገቡ ሻንጣዎ እስከ መጨረሻው ታግ ቢደረግም፣ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ የሚያልፉት መጀመሪያ ባረፉበት ኤርፖርት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣውንም አውጥተው መልሰው ያስረክባሉ። ወደ ሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ወደሌላቸው የአውሮፓ አገሮች) ሲገቡ ደግሞ የፓስፖርት ቁጥጥር የሚደረገው በመጀመሪያው የሸንገን ኤርፖርት ነው። መነሻና መድረሻው አንድ ኤርፖርት መሆኑንም ያረጋግጡ። ኒውዮርክ ጄኤፍኬ አርፎ ከላጓርዲያ መነሳት፣ ለንደን ሂትሮው አርፎ ከጋትዊክ መነሳት በከተማው መንገድ ላይ የሚያልፍ ጉዞ ነው።

በተለያየ ትኬት ከሆነ የእኔ ምክር ቢያንስ 4 ሰዓት ነው፤ ሻንጣ ካለ ከዚያም በላይ። ቀጣዩ የቀኑ የመጨረሻ በረራ ከሆነ፣ ወይም የምትጠብቅዎ መርከብ፣ ፈተና ወይም ሠርግ ካለ፣ እዚያው አድረው በማግሥቱ ይብረሩ። የአንድ ሌሊት ሆቴል ከአዲስ ትኬት ይሻላል። በተለያየ ትኬት ሻንጣ ለማውጣት ወደ አገሩ መግባት ስለሚኖርብዎ የትራንዚት ሳይሆን የመግቢያ ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህንን ያላወቀ ሰው ገና ከመነሻው ላይሳፈር ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዙም “ቀጣይ በረራ ማምለጥ” የሚለውን ክፍል ያንብቡ። አንዳንዱ ዋስትና የሚሠራው የተወሰነ ሰዓት ከተዉ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ለየብቻ የተገዛን ትኬት ጭራሽ አይሸፍንም። እርስዎም ያኔ ኢንሹራንስ ገዝተው ከነበረ፣ ዛሬውኑ ውሉን ይዩ። ከአየር መንገዱ ቀድሞ የሚከፍልዎ እሱ ሊሆን ይችላል።

ለመጀመሪያው አየር መንገድ የሚጽፉት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የበረራ ቁጥርና ቀን፣ የታቀደውና የገባበት ሰዓት፣ ከላይ ያሰላነው የደቂቃ ዝርዝር፣ ያወጡት ወጪ ከነደረሰኙ፣ “በሞንትሪያል ስምምነት አንቀጽ 19 መሠረት” የሚል ቃል፣ እና የ30 ቀን የመልስ ጊዜ። ስሜት አያብዙበት፤ ቁጥሩ ይናገር። ሻንጣ ሲዘገይ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ግዴታ ነው፤ ለመንገደኛ መዘግየት ግን እንዲህ ያለ አጭር ገደብ የለም። የክስ ይርጋው፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ በአንቀጽ 35 መሠረት 2 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም መዳረሻው ላይ ከደረሱበት ወይም አውሮፕላኑ መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ከአየር መንገዱ ጋር መጻጻፍዎ ይርጋውን ያቆመዋል ብለው አይተማመኑ። የሚያበቃበትን ቀን ዛሬ ስልክዎ ላይ ያስገቡ፤ ማስታወሻውም ቀኑ ሊደርስ 3 ወር ሲቀረው እንዲጮህልዎ ያድርጉ።