ከመርፌው በኋላ ያለው ሰዓት

ወደ ምርምር መግባት የምትፈልጉ ወጣት ሐኪሞች «ከየት ልጀምር?» ትሉኛላችሁ። አብዛኞቻችሁ የምታስቡት ስለ ፕሮፖዛልና ስለ ፈንድ ነው። እኔ ግን ስለ አንድ ሌሊት ላውራችሁ።

ኢንተርን ነበርኩ፤ ወቅቱ ክረምት። በክረምት ሰው ብርዱን ፈርቶ ልብስ ደራርቦ፣ ተጠጋግቶ ስለሚያድር ቅማል ይዛመታል፣ በቅማል የሚተላለፈው የግርሻ ትኩሳትም ይበዛል። አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት በትኩሳት እየነደደ መጣ። ብለድ ፊልሙን፣ ማለትም መስታወት ላይ የተቀባውን ደሙን፣ በማይክሮስኮፕ ሳይ እንደ ጠመዝማዛ ክር ያሉት ባክቴሪያዎች ሞልተውታል። ፀጉሩ ተላጨ፣ ልብሱ ተቀቀለ፣ ፔኒሲሊን ታዘዘለት። መርፌው ሲወጋ አይቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ልጁ ይንዘፈዘፋል። የአልጋው ብረት ከግድግዳው ጋር ይጋጭ ነበር። ትኩሳቱ ከቅድሙ ብሷል። ቀጥሎ ላብ አጠመቀው፣ የደም ግፊቱም ወረደ። የተሳሳተ መድኃኒት ያዘዝኩ መስሎኝ እግሬ ከዳኝ። ተረኛዋ ሲስተር ሳላይኑን እየሰካች፣ «ዶክተር፣ ግርሻ አስወግቶ ሻይ የለም» አለችኝ። ደግነቱ ልጁ ተረፈ።

ልጁ ላይ የደረሰው ያሪሽ ሄርክስሃይመር ሪአክሽን ይባላል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ከደም ሲያጠፋው፣ የሰውነት የራሱ የመከላከያ ቁጣ ይገነፍላል። ለዚህ ቁጣ አንዱ ቆስቋሽ ቲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን ነው። እዚሁ አዲስ አበባ በ49 የግርሻ ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት አለ። 20ዎቹ ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን ይዞ ሥራውን የሚያግድ ፕሮቲን (አንቲቦዲ) ተሰጣቸው፤ ከእነሱ 10ሩ ላይ ሪአክሽኑ መጣ። አንቲቦዲውን ካላገኙት 29ኙ ግን 26ቱ ላይ። እኔ የምወደው ያንን 10 ቁጥር ነው። ቲኤንኤፍ አለበት፣ ግን ብቻውን አይደለም ማለት ነው። ቀጣዩ ጥያቄ እዚያ ቁጥር ውስጥ ተቀምጧል።

ዛሬ ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መድኃኒቶች ሩማቶይድ አርትራይተስ ለተባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ይሰጣሉ። ችግሩ፣ ተኝቶ የከረመ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ለካ ያ ቁጣ የቲቢው ዘበኛም ኖሯል! ለዚህ ነው በሽተኛው መድኃኒቱን ሳይጀምር ለቲቢ የሚመረመረው። እኛ አገር ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም።

«ግርሻ የድሮ በሽታ ነው» የሚለኝም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ የተሰደዱ ወጣቶች ይዘውት አውሮፓ ሲደርሱ፣ እዚያ በመጽሐፍ እንጂ በአልጋ ላይ የሚያውቀው ሐኪም ጥቂት ነበር።

እና ከየት ትጀምራላችሁ? ከአልጋው አጠገብ። መርፌው ስንት ሰዓት ተወጋ፣ ብርዱ ስንት ሰዓት ጀመረ፣ ግፊቱ መቼ ወረደ፤ ጻፉት። በትኩሳት የሚቃዠውን ሰው ግን «ጥናት ውስጥ ትገባለህ?» ብላችሁ እሺታውን አትቀበሉት። እስኪነቃ ጠብቁ፣ ወይም ቤተሰቡን አስጠሩ።

እኔ ያን ሌሊት ምንም አልጻፍኩም። በመርፌውና በመንዘፍዘፉ መካከል ስንት ደቂቃ እንደነበር ብትጠይቁኝ፣ የማስታውሰው ሻዩ ገና ትኩስ እንደነበር ብቻ ነው።