የወንድሜ ወርቅ

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ጉጂ ውስጥ፣ ሻኪሶ ወርቅ ያወጣል። የእማዬን ቤት ቆርቆሮ የቀየረው እሱ ነው። ለበዓል ሐዋሳ ሲመጣ ግን በሜርኩሪ የያዘውን ወርቅ ማዕድ ቤት ውስጥ በመጥበሻ ያቃጥላል። ባለፈው እማዬ ዶቃ የምታክል ብርማ ጠብታ ከወለሉ ስትጠርግ አየኋት። ይጎዳል ወይ?
ታላቅ እህት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ይጎዳል። ዛሬውኑ አስቁሚው። ሜርኩሪ ሲሞቅ ሽታም ቀለምም የሌለው ተን ይሆናል። በትንፋሽ ገብቶ አእምሮንና ኩላሊትን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለማ የባሰ ነው። ያቺ ብርማ ጠብታ ሜርኩሪ ናት፤ በመጥረጊያ አትንኳት፣ ትበታተናለች። መስኮት ክፈቱ፣ በወፍራም ወረቀት አንሥታችሁ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ ክተቷት። ቦይ ውስጥ እንዳትደፉት አደራ! ጎርፍ ወደ ሐይቁ ይወስደዋል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የምንበላው ዓሣ ከዚያው ነው። በጃፓኗ ሚናማታ እ.ኤ.አ. በ1956 የታወቀው በሽታ የመጣው ከፋብሪካ በወጣ ሜርኩሪ የተበከለ ዓሣ በመብላት ነበር።

ወንድምሽን ግን አትቆጪው። ያ ቆርቆሮ ቀላል ነገር አይደለም። ጉጂ ውስጥ ስንቱ ቤተሰብ በወርቅ ያድራል። ሪቶርት የሚባል ዝግ የብረት ዕቃ አለ፤ ተኑን አቀዝቅዞ መልሶ ፈሳሽ ያደርገዋል። ሜርኩሪው እንደገና ስለሚሠራ ወጪም ይቀንሳል። ከጓደኞቹ ጋር አዋጥተው ይግዙ፣ ከመኖሪያ ርቀው ይሥሩበት። መጥበሻውን ለምግብ አትመልሱት። እማዬንም ሐኪም ይያት፤ ስለ ጭሱ ሳትደብቂ ንገሪው።