ጎርፍ ለሚያሰጋው ቤት፦ ለእኅታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እኅታችን፣ ቤትዎ በወንዝ ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እንደሚገኝ፣ እንደ ልብ መራመድ የማይችሉ እናትዎና ሁለት ሕፃናት አብረውዎት እንደሚኖሩ ገልጸው፣ የዝናቡ ወቅት ከመግባቱ በፊት ምን ማዘጋጀት እንደሚገባዎትና መቼ ከቤት መውጣት እንዳለብዎት ጠይቀዋል። ጎርፍ በሚያጠቃው ሰፈር ለዓመታት የኖርሁ እንደ መሆኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ በሰፈራችን ለችግር የተዳረጉት አብዛኞቹ ቤተሰቦች ስንቅም ዕቃም አዘጋጅተው የነበሩ፣ ለመውጣት ግን የዘገዩ ናቸው።

ስለዚህ የመውጫውን ምልክት ከአሁኑ ይወስኑ። ከቤትዎ ሆነው የሚያዩት አንድ ቋሚ ነገር፣ ለምሳሌ የድልድይ ምሰሶ ወይም በወንዙ ዳር ያለ ትልቅ ድንጋይ ይምረጡና፣ ውሃው እዚያ ሲደርስ ያለ ምንም ክርክር እናትዎና ልጆቹ ከፍ ወዳለ ቦታ እንዲሄዱ ከቤተሰቡ ጋር ይስማሙ። ምልክቱ በእናትዎ እርምጃ የተለካ መሆን አለበት፤ መንገዱን በደህናው ቀን አብረዋቸው ይሂዱና የሚፈጀውን ጊዜ ይመልከቱ። በሰፈርዎ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከላይ በዘነበ ዝናብ ብቻ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ውሃው በድንገት ደፍርሶ ቅርንጫፍ ማምጣት ከጀመረ ምልክቱን ሳይጠብቁ ይውጡ።

ከዘገዩ በኋላ ጎርፉን አቋርጦ መሄድ እጅግ አደገኛ ነው። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ የሚል፣ 15 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ ጤነኛ ጎልማሳን ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲሜትር ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሴንቲሜትር ደግሞ አብዛኞቹን መኪኖች ጠርጎ ሊወስድ ይችላል። በደፈረሰ ውሃ ሥር ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ ቢኖርም አይታይም። መውጫው ከተዘጋብዎት ወደ ላይኛው ፎቅ ወይም ጣሪያው ላይ ይውጡ፤ ወደ ውጭ መውጫ በሌለው ኮርኒስ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይግቡ።

ብዙ ሰው ሐሳቡን ሁሉ በሩ ላይ ያደርጋል። በእኛ ቤት ግን ውሃው መጀመሪያ የመጣው በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ባለው የፍሳሽ ማውረጃ ነበር፤ ግቢው ገና ሳይረጥብ ማውረጃው ይንደቀደቅ ጀመር፣ ወዲያው ክፉ ሽታ ያለው ጥቁር ውሃ ሽቅብ ፈልቶ ወለሉን አለበሰው። ይህ የሚሆነው የመንገዱ የፍሳሽ መስመር ሞልቶ ውሃውን ወደ ቤት መልሶ ስለሚገፋው ነው። በጠንካራ ፌስታል አሸዋ ሞልተው መጸዳጃው ውስጥና በየማውረጃው ላይ መጫን በእጅጉ ይረዳል፤ አቅም ከፈቀደ ደግሞ ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ በቧንቧ ሠራተኛ ማስገጠም ይሻላል። ለበሩ የሚሆነውን የአሸዋ ጆንያ ከግማሽ ትንሽ አሳልፈው ብቻ ይሙሉት፤ ጢም ያለ ጆንያ ከሌላው ጋር አይገጥምም። አፉን ወደ ሥር አጥፈው፣ ከኋላው ላስቲክ አንጥፈው፣ እንደ ጡብ አንዱን በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ይደርድሩ።

የኤሌክትሪኩን ዋና ማጥፊያ ውሃው ከመግባቱ በፊት ያጥፉ፤ እዚያ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም የሚያስፈልግ ከሆነ ግን አይንኩት። የጋዝ ሲሊንደሩንም ዘግተው እንዳይንሳፈፍ ይሰሩት። የልደትና የንብረት ማስረጃዎችን፣ የእናትዎን መድኃኒት፣ ባትሪና ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 4 ሊትር የሚታሰብ የ3 ቀን ውሃ ከበሩ አጠገብ ያኑሩ።

ሲመለሱ፣ ጎርፍ የነካውን ያልታሸገ ምግብ ሁሉ ይጣሉ፤ ለሕፃናቱ ሲሉ በዚህ አይራሩ። የሚጠጣውን ውሃ ቢያንስ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ለ3 ደቂቃ ያፍሉ። ሻጋታ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ስለሚጀምር ፍራሽና ምንጣፉን ፈጥነው ያውጡ። ቤቱን ለማድረቅ ግን በሩ ክፍት ቢሆንም እንኳ ከሰል ወይም ጄኔሬተር ቤት ውስጥ አይጠቀሙ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ኤሌክትሪኩም መስመሩን ባለሙያ ሳያየው አይለቀቅ።